አባባ ለሰው ሲነሡ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከተማውን በያዘበት ዘመን፣ ቀራንዮ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር። ከመሸ ውጭ መታየት ክልክል ስለሆነ ሰዉም ከብቱም በጊዜ ይገባል፤ ላምባ እንዳያልቅብን ኩራዙ ሳይለኮስ ይቆይና በምድጃው ፍም ብርሃን አባባ የምንላቸውን አያቴን ከበን እንቀመጣለን። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እሳቸው መደቡ ላይ ሆነው የተረቱን ጅብ ሲያስጮኹት፣ ያኔ የምር ጅብ ግቢ የገባ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ግን አንድ የሚያናድደን ጠባይ ነበራቸው። በር ላይ ሰው ብቅ ካለ፣ የጎረቤት ልጅም ብትሆን፣ ተረቱን እዚያው ጥለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ «ኖር!» እያሉ ይነሣሉ። እንግዳው «በእግዜር! ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» ብሎ እስኪያስቀምጣቸው ጅቡ አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል።

እናቴ «ኋላ ይወድቁብኛል አባባ፣ እድሜዎ እኮ ገፍቷል» ስትላቸው፣ «ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልየው? ከብት ነኝ እንዴ?» ብለው ይቆጧት ነበር።

አንድ የክረምት ምሽት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ በጓሮ አጥር ሾልከው እሳት ሊጭሩ መጡ። አባባ ተጣድፈው ሲነሡ ጋቢያቸው እግራቸው ላይ ተጠላለፈና ከመደቡ በጎናቸው ወደቁ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እማማ ብርቄ «ወይኔ! ምነው ስመጣ እግሬን በሰበረው!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

እናቴ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ብትል፣ አባባ «የጣሊያን እጅ ከሚነካኝ ሞቼ ልገኝ!» አሉ። በማግስቱ የመጡት ወጌሻ ዳሌያቸውን ዳብሰው አሰሩና እናቴን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «አጥንቱ ሳይጠና ከቆሙ አለቀ፤ ዳግመኛ አይራመዱም» አሏት።

ጠያቂው ግን ጎረፈ፤ ሰው በገባ ቁጥር አባባ ሊነሡ ይታገላሉ። በመጨረሻ ጎረቤቱ መላ ዘየደ። ሁሉም ገና ከደጅ «ተቀምጫለሁ አባባ!» እያለ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ በሩ ሥር ቁጢጥ ይላል። ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ሆነው ሲገቡ እኛ ልጆች በሳቅ እንሞታለን፤ አባባም «ቀልደኞች!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ወጌሻው «እስቲ ይሞክሩ» አሉ። እናቴና አጎቴ ብብታቸውን ይዘው አቆሟቸው። ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ ላብ አጠመቃቸው። «በቃ፣ መልሱኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተረትም ቀረ። ያኔ ምሽቱ እንዴት ይረዝም ነበር!

ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንድ ምሽት፣ እንደተጋደሙ ራሳቸው ተረት ጀመሩልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መሐል ላይ እማማ ብርቄ በሩን ከፈቱ። አባባ በክርናቸው ተደግፈው ሊነሡ ቃጡና ተዉት። ወደ እኛ ዞረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተነሡልኝ ልጆቼ» አሉ።

ሁላችንም ተነሣን። «ኖር!» አልን። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ተረቱ ቀጠለ፤ ጅቡ መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ፣ ቆሜ ቁልቁል እንዳየኋቸው ነው። አባባ ዳግመኛ እንደማይነሡ የገባኝ ያኔ ነው።