ከላይ የሚለኮሰው እሳት

ባለቤቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ብርድ አልችል አለ። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢሊት ዳገቱ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከሜዳው የሚነሣው ጉም ግድግዳውን ሰርስሮ የሚገባ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ዓይኑንና ጉሮሮውን አደረቀበት፤ ስለዚህ ልጆቻችን ተመካክረው የእንጨት ምድጃ አስገቡልን። እዚህ ካሚን ይሉታል። ጥቁር ብረት ነው፤ በሩ መስተዋት፣ ከላዩ ጣራውን በስቶ የሚወጣ ረጅም ቧንቧ አለው።

የገጠመው ሰውዬ በዕብራይስጥ እየተጣደፈ አስረዳኝ። «መጀመሪያ ሰሞን እሳቱ ትንሽ ይሁን፤ ቀለሙ እስኪበስል ይሸታል፣ እንዳትደነግጪ» ያለውን ሰምቻለሁ። ከበሩ ሥር ስላለችው እጀታ የነገረኝ ግን አመለጠኝ። ድገምልኝ ለማለት አፈርኩ። በልቤም፣ እሳት ማንደድ ደግሞ ትምህርት ሆኖ ነው? አልኩ። ጎንደር ገጠር ያደግኩ ሴት ነኝ፤ በዝናብ ቀን እንኳ እሳት አቃተኝ ብዬ አላውቅም።

ሽታው በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። «በል አሁን ትሞቃለህ» አልኩና ድሮ ከባለቤቴ ጋር ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ካመጣልን የብርቱካን እንጨት አንድ እቅፍ ሙሉ አስገባሁ። ከሥር ወረቀት፣ ከዚያ ጭራሮ፣ ከላይ ፍልጡን ደርድሬ ለኮስኩት። ተያያዘ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬ እጀታዋን ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ በሩንም ዘጋሁ።

እሳቱ ወዲያው ደበዘዘ። እንጨቱ ሲስስስ ይላል፤ ከጫፉ አረፋ ይወጣዋል። መስተዋቱ ጥላሸት ለበሰና ውስጡን ማየት አቃተኝ። ብረቱን በእጄ ብነካው ለብ ያለ ብቻ ነው። በሩን ስከፍት እሳቱ ነፍስ ይዘራል፤ ግን ጭሱ ወደ ሳሎኑ ይገለበጣል። ስዘጋው ይተኛል። እንጨት ስጨምር ባሰበት።

ባለቤቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ ከፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«ሞቀህ?» አልኩት።

«ሞቆኛል እንጂ! ምነው?»

ግን ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር ቀብሮ አየሁት። የቱን ልመን? አፉን ወይስ እጁን? እንዲህ እያልን ሳምንት አለፈ። እኔ በየጧቱ ተንበርክኬ እነፋለሁ፤ እሱ በየጧቱ ሞቆኛል ይለኛል።

ልጄ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ አየር መስጫውን ክፈቺዋ» አለችኝ።

«የትኛው ነው መክፈት? መሳብ ነው መግፋት?»

«እኔ እንጃ፤ ፎቶውን ላኪልኝ።»

ላክሁላት። እሷም ግራ ገባት። መመሪያው ላይ ቀስት ተሥሏል፤ ቀስቱ የአየሩን መንገድ ይንገረኝ የእጄን መንገድ፣ አይለይም። ወረቀቱን ብገለብጠው ብመልሰው ያው ነው።

በስምንተኛው ቀን ጧት በሩ ተንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ከሩስያ የመጣች፣ በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተባብለን አናውቅም። ሁለታችንም ዕብራይስጡን እየሰበርን ነው የምንናገረው።

«ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ሸተተ» አለች፤ ከገመድ ያወረደችውን አንሶላ ይዛ።

ይቅርታ ልላት ስል ዓይኗ ምድጃው ላይ አረፈ። ጫማዋን አውልቃ ገባች። መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች። «ይህ ጭስ እኮ ይገድላል» ብላ ተቆጣችን። ከዚያ ሁለት ፍልጥ አንሥታ እርስ በርስ አጋጨቻቸው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጡ።

«እንጨት አይደለም ይሄ፤ ውኃ ነው። መቼ ተቆረጠ?»

«ባለፈው ወር።»

ሳቀች። ቤቷ ሄዳ የራሷን እንጨት በቅርጫት ይዛ መጣች። ያንን ስታጋጨው ጥርት ብሎ ጮኸ። ትልልቁን ከታች ደረደረች፣ ቀጫጭኑን በላዩ፣ ጭራሮውን ከሁሉም በላይ። ክብሪቱን ጫረችና ጫፉ ላይ ለኮሰችው።

«ኧረ ተይ! ከላይ ነው?» አልኩ ሳላስበው በአማርኛ። ምን እንዳልኩ ገብቷት መሰለኝ፣ «ጠብቂ» አለችኝ። እጀታዋን ወደ ራሷ ሳበቻት። ስምንት ቀን ሙሉ አየሩን ዘግቼ ነበር የማነደው!

እሳቱ እንደ ሻማ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ጭስ የለም። ቧንቧው ሲግል ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ፣ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥሎታል። ግንባሩ ወዝቷል።

ጎረቤታችን ከሄደች በኋላ ያዝኩት። «ለምንድን ነው ሞቆኛል ስትለኝ የከረምከው? ብርድ መታኝ ብትለኝ እኮ ቶሎ ሰው እጠራ ነበር።»

«ተንበርክከሽ ስትነፊ፣ ዓይንሽ ሲያለቅስ እያየሁ ምን ልበል?»

«ታመህ ብትተኛስ?»

ካፖርቱን ከወንበሩ አንሥቶ ያጣጥፍ ጀመር። እኔም መቆጣት ይሁን ማዘን አላወቅሁበትም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሰውዬው ሲበርደውና ሲሞቀው መለየት አለመቻሌ ከእሳቱ ይልቅ አስደነገጠኝ። በመጨረሻ «ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አልኩት፤ «እሺ» አለ።

የብርቱካኑን እንጨት ቆርቆሮ ሥር ከመርነው፤ ጎረቤታችን ለከርሞ ይደርቃል ብላናለች። አሁን ቤቱ ይሞቃል። አንዳንድ ቀን ግን፣ ሁሉን እንደ ነገረችኝ አድርጌም፣ ጭሱ አልወጣም ይላል። ነፋሱ ይሁን፣ ቧንቧው ይሁን፣ እኔ ልሁን አላውቅም። ያን ጊዜ ግድግዳውን በቡጢ ሁለቴ እመታለሁ፤ ጎረቤቴ በነጠላ ጫማዋ ትመጣለች። እሷም ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች።