ለእኔ የተተወችው መስመር

በዕድሜዬ እንደዚያ የሳቅኩበት መጽሐፍ የለም። አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ደብተሩን በሠራተኞች መቆጣጠሪያ ወረቀት ሥር ደብቄ ሳነብ ሳቄን ሳል ለማስመሰል በጣም ስለታገልኩ፣ አለቃዬ አዝኖልኝ በማግስቱ ፌጦ በሎሚ በጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ምን ላድርግ፣ ጠጣሁት። ይህንን መጽሐፍ ነው እንግዲህ ከአንድ ወር በኋላ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ያጣጣልኩት።

መጽሐፍ ስል የታተመ እንዳይመስላችሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፤ በካኪ ወረቀት የተሸፈነ። ደራሲዋ በፈትል ክፍል የሚሠሩ፣ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከረሙ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ ሴት ነበሩ። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ «የኔታ» ይሉኛል። የኔታ የሚባለው ጺሙ የሸበተ የቤተ ክህነት መምህር ነው፤ እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ግን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ስሙ በቀልድ ተጣብቆብኝ ቀረ። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። የቀን ሽፍት ሲወጣ በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሠራተኞችን አስተምር ነበር። ብዙዎቹ የሚፈልጉት በደመወዝ ቀን ጣታቸውን ቀለም ከመንከር መገላገል ብቻ ነው፤ ስማቸውን መጻፍ ሲችሉ ይጠፋሉ። እትዬ ግን ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተቀመጠ መጥተው ከፊት ይቀመጣሉ። የምስክር ወረቀታቸውን የተቀበሉ ዕለት ጠጋ ብለው፣

«የኔታ፣ እንግዲህ ያሰብኩትን ሁሉ መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ይችላሉ።»

«ውሸትም ቢሆን?»

«ውሸትም ቢሆን» አልኳቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ የመጀመሪያውን ደብተር አመጡልኝ።

ታሪኩ የአንድ ጭራቅ ታሪክ ነው። ጭራቁ ከየረር ተራራ ወርዶ አቃቂ ይገባል። ሥጋ ሲሸተው ያጥወለውለዋል፤ ዘመዶቹ ያባረሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ዳሩ ግን ጨለማ ይፈራል፤ ስለዚህ ሌባ በመጣ ቁጥር «እባክህ እስኪነጋ አብረኸኝ ቆይ» እያለ ይለምነዋል። በሁለተኛው ደብተር ስኳር ሊገዛ የቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ስኳሩ ያልቃል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አባቶቹ ያገሳል። ሰልፈኛው ይሸሻል ብላችሁ ስትጠብቁ አንዲት አሮጊት እጅጌውን ይዘው «እሰይ የኔ ልጅ፣ በየሳምንቱ እየመጣህ አግሳልን» ይሉታል።

ሦስተኛው ደብተር ላይ ነው አለቃዬ መድኃኒት ያመጣልኝ። ጭራቁ የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ የሕይወት ታሪኩን ይጠየቃል። «አባትህ ሥራቸው ምን ነበር?» ይለዋል ጸሐፊው። «ሰው ይበላ ነበር» ይላል ጭራቁ አንገቱን ደፍቶ። ጸሐፊው ትንሽ ያስብና «ባላባት» ብሎ ይመዘግባል። በመጨረሻም ሰው እንደማይበላ የሚመሰክርለት አንድ ሰው አምጣ ይባላል። ጭራቁ ወጥቶ ከቀበሌው ደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ማየት ይጀምራል። ደብተሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ደብተሮቹ ከፈትል ወደ ሽመና፣ ከሽመና ወደ ማቅለሚያ ክፍል ይዞሩ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ማንበብ የሚችል ላልቻለው ጮክ ብሎ ያነብለታል። እትዬ ከእያንዳንዱ ደብተር ጀርባ ሁለት ገጽ ትተው «አስተያየት» ብለው ጽፈውበታል። ሁለቱ ገጾች ምን ጊዜም አይበቁም ነበር። አንዲት የሽመና ክፍል ሠራተኛ «ልጆቼን ጭራቅ መጣ እያልኩ ነበር የማስተኛቸው። አሁን ይምጣ፣ ሻይ እናጠጣው ይሉኛል። ደራሲዋ መጥተው ያስተኙልኝ» ብላለች። አንዱ መካኒክ «ሰው የማይበላ ጭራቅ ምኑን ጭራቅ ሆነ? ይኼ የኛ ቀበሌ ነዋሪ ነው» ሲል ጽፏል። የበር ዘበኛው አስተያየት አጭር ነው፤ «ዘበኛ ሁሉ ፈሪ አይደለም። ይታረም።» ሳሪስ አቦ የሚያስቀድስ አንድ ሰው «ይህ ሰይጣንን ማቀማጠል ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው ከሥሩ «ጭራቅና ሰይጣን ለየቅል ናቸው፤ ሳታውቅ አትጻፍ» ብሎታል። የመጀመሪያው ይሻላል የሚል አለ፤ ሁለተኛውን ያላነበበ አያውራ የሚል አለ። «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብሎ የተረተባቸውም አልጠፋም። እትዬ ይህን ሁሉ እያነበቡ ይንከተከቱ ነበር። ስድቡን ደጋግመው የሚያነቡትን ያህል ሙገሳውን አያነቡትም።

የአስተያየቱን የመጀመሪያ መስመር ግን ማንም እንዲጽፍባት አይፈቅዱም። «እሷ የየኔታ ናት» ይላሉ። እኔም «ተከታታዩ ሲያልቅ እጽፋለሁ» እያልኩ መስመሯን ባዶ ትቼ ሦስቱንም ደብተር መለስኩላቸው። ለምን እንዳልጻፍኩ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። አስተማሪ ሆኜ «አሳቀኝ» ብሎ መጻፍ ቀለለብኝ መሰለኝ። የተማረ ሰው አስተያየት ረዘም፣ ከበድ ማለት አለበት ብዬ አምን ነበር። ያች ባዶ መስመር ምን ያህል እንደምትጠበቅ እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

ፋብሪካው ውስጥ ሳምንታዊ የውይይት ክበብ ነበረን። የመወያያ ጽሑፍ ያልደረሰ ሳምንት ሊቀ መንበሩ «ለምን በሠራተኛዋ ድርሰት ላይ አንወያይም?» አለ። በክበባችን ሂስና ግለሂስ የሚባል ሥርዓት አለ። የማንኛውም ነገር ጠንካራ ጎንና ደካማ ጎን ይነገራል። ደካማ ጎን ያላገኘ ሰው ወይ አላነበበም ወይ አድርባይ ነው። በመጨረሻ ባለቤቱ ተነሥቶ ሂሱን መቀበሉን ያሳውቃል። እንደዚያ ነበር የምንሠራው፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና ስንወያይም እንዲሁ ነው።

እትዬ ግን ድግስ የተደገሰላቸው ያህል ነበር ደስታቸው። አዲስ ሻሽ አስረው፣ ሦስቱን ደብተሮች በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። በሩ ላይ ሲያገኙኝ ሳቅ እያሉ፣

«የኔታ፣ መስመሩ ቢቀር ዛሬ በአፍህ እሰማሃለሁ» አሉኝ።

ሰው ሁሉ የጻፈውን በቃሉ ደገመ። ዘበኛው አሁንም ይታረም አሉ። አዳራሹ ይስቃል፤ ሊቀ መንበሩም ይስቃል። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ «የቀበሌው ጸሐፊ ጉዳይ ግን ምን ለማለት ተፈልጎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፋት የለውም፣ እንዲሁ ጠየቀ። አንዱ «ባላባት ሰው በላ ነበር ማለት ነው፤ ትክክል ነው» ብሎ መለሰለት፤ ሌላው «የለም፣ በጸሐፊው ማላገጥ ነው» አለ። ሳቁ ረገብ አለ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ ደራሲዋን ያስተማራቸው ጓድ ያጠቃልልልን» አለኝ።

ቆምኩ። ጊዜው ሰው አንደበቱን የሚቆጥብበት ጊዜ ነበር፤ ከሠፈራችን ወጥተው ያልተመለሱ ልጆችን ሁላችንም እናውቃለን። ነገሩ ወደዚያ ሳይሄድ እኔው ለስለስ አድርጌ ብነቅፈው ይሻላል፣ እሳቸውንም ማዳን ነው አልኩ በልቤ። ይህን ምክንያት ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ለገዛ ተማሪው ያዳላል እንዳልባል ፈርቼ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ቁም ነገር ተናጋሪ ሆኜ መታየት አማረኝ። እንዲህ አልኩ፦

«ጠንካራ ጎን፣ ደራሲዋ ተሰጥኦ አላቸው። ደካማ ጎን፣ ጭራቅ የጎታች ባህል ቅሪት ነው። ድርሰቱ የላብ አደሩን ንቃተ ኅሊና አያዳብርም። ሳቁም ዓላማ የለሽ ሳቅ ነው።»

ተጨበጨበ። በዚያ ዘመን እንደዚህ ያለ ነገር ሲባል ይጨበጨባል። እትዬ በሥርዓቱ መሠረት ተነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ነበር የሚመስሉት።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ጓድ አስተማሪን አመሰግናለሁ።»

ጓድ አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የኔም የሳቸውም።

ስንወጣ ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ምነው፣ ጭራቁ ምን በደለህና ነው እንዲያ የወቀጥከው? ልጆቼ እኮ አራተኛውን እየጠበቁ ነው» አለኝ። ለካ ማንም ምንም አላሰበም ነበር። ማንም አላስፈራራኝም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ወዲያው ሮጬ ይቅርታ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? ነገ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ፤ ነገ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ሆነ።

አራተኛው ደብተር አልመጣም። ሠራተኛው በምሳ ሰዓት ይጠይቃቸዋል፤ «ሥራ በዛብኝ» ይላሉ። አጥብቀው ይነቅፉ የነበሩት ሁሉ ሳይቀሩ ጠየቁ። ዘበኛው በር ላይ አስቁመው «ቀልዴን ነው እኮ፣ ጭራቁ እንዳሻው ይፍራ» ብለዋቸዋል አሉ። ሰውየው ከኔ ተሻሉ።

ክረምቱ ሲወጣ በአንድ እሑድ ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሲያዩኝ ተነሡ።

«ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ» አሉኝ። ለኔ፣ ለልጃቸው እኩያ፣ በአንቱታ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳሩን ሳይሰስቱ ጨመሩልኝ። ዐይናቸውን እንዳላይ ብርጭቆውን እያየሁ፣

«እትዬ፣ ያን ዕለት ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ በአላህ! የተማረ ሰው ያየውን መናገር አለበት። እኔ መች ቅር አለኝ?» አሉ ቶሎ ብለው። ቅር እንዳላቸው ድምፃቸው ይናገራል።

«አራተኛውን ለምን አይጽፉትም?»

«ጽፌው ምን ላድርግ? ዝም ብሎ ማሳቅ ነበር እኮ እኔ የማውቀው። ሌላ አልተማርኩም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ጭራቁም ወደ ተራራው ተመለሰ።»

«ምስክር ሳያገኝ?»

«አንድ ሰው አስቤለት ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረው ሰው አለ። እሱ ግን አልመጣም።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። «አስቀውኛል እኮ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም» ማለት ያን ጊዜም ይቻል ነበር። አላልኩም። ልሄድ ስነሣ ከሣጥን ውስጥ ሦስተኛውን ደብተር አውጥተው ሰጡኝ።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። እዚህ አይጥ ይበላዋል።»

ሐዲዱ ጋ ስደርስ የድሬዳዋው ባቡር እየመጣ ስለነበር ሰው ሁሉ ቆሟል። እኔም ቆሜ ደብተሩን ከጀርባው ገለጥኩ። የዘበኛው አለ፤ የመካኒኩ አለ። ቢያንስ አሁን እጽፍላቸዋለሁ ብዬ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አውጥቻለሁ፤ «አሳቀኝ» ብዬ፣ እሱኑ ብቻ። ግን የኔ መስመር ባዶ አልነበረችም። በእትዬ እጅ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባስተማርኳቸው ክብ ክብ ፊደል፣ እንዲበቃ አሳንሰው ጽፈውባታል፤ «ጠንካራ ጎን፣ ተሰጥኦ አላቸው። ደካማ ጎን፣ ዓላማ የለሽ ሳቅ ነው።» ከጎኑም የኔን ስም ፈርመውልኛል፤ «የኔታ» ብለው።