ዋጋዬ የተማረችበት ቋንቋ

«የተማርሽው በምን ቋንቋ ነው?» ይላል ጥያቄው። ዋጋዬ አድማሴ በአንድ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ቅጽ ላይ ስሟን ሞላች፣ የትውልድ ዘመኗን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጣ ጻፈች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን አስገባች። እዚህ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

ለምን እንደቆመች ለመረዳት ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ አገር የሚያመለክት ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲወስድ ይጠይቃል። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ግን፣ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ካረጋገጠለት፣ ከፈተናው ነፃ ነው። ፈተናው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ ዋጋዬ ስታጣራ ያገኘችው የቅርቡ ቀጠሮ ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን ካላገኘች ዓመቱ አለፋት ማለት ነው።

ዓመቱ ደግሞ እንዲሁ እንዲያልፋት አትፈልግም። አዘና ከተማ አጠገብ ያለው የአባቷ ማሳ ገብስ እምቢ ካለ ቆይቷል። የግብርና ባለሙያዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ ያስፈልገዋል አሉ። ጎረቤቶቻቸው ግን በኖራ ፈንታ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከሉ። ዛፉ ሲደርስ ቆርጠው አከሰሉት፤ ያው መሬት ከዚያ በኋላ ጤፍ አበቀለ። ምን ሆኖ ነው? ከከሰሉ የተረፈው አመድ ነው? የዛፉ ሥር ነው? ወይስ መሬቱ ስላረፈ ብቻ? ዋጋዬ ያገኘችውን ሁሉ ጠይቃ ከእያንዳንዱ ሰው የተለያየ መልስ ሰማች። የአፈር ሳይንስ መማር የፈለገችው ለዚህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ እንጅባራ ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሆና ቅጹን የከፈተችውም ለዚህ ነው።

«አንቺ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ላኪው እንጂ!» አለቻት የቤቱ ባለቤት እመቤት። «እንግሊዝኛ በያቸው። ካናዳ ቁጭ ብሎ ማን ሊያጣራሽ?»

«እንግሊዝኛ ካልኩ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ እትዬ። ያስተማረኝ መምህር መፈረም አለበት። የኬሚስትሪው ቲቸር ደርበው ናቸው።»

«ወይ ጉድ! እሱማ የራሱን ስም ለመጻፍም ያስባል።»

ደርበው በእርግጥም አሰቡ። በመሰናዶ ትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ተቀምጠው፣ ዋጋዬ ጽፋ ያመጣችውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «በክፍል ውስጥ ማብራሪያ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ዋጋዬ፣ ስለ አሲድ መለኪያው፣ ስለ ፒኤች የተማርሽበት ቀን ትዝ ይልሻል?»

«ይልኛል። ሎሚ ይዘው ገቡ።»

«ከዚያስ?»

«ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ዞር ብለው በአማርኛ አስረዱን።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

ዋጋዬ ሳቀች። «አጠገቤ የምትቀመጠው ሃና አልገባትም ነበር። በአገውኛ ነገርኳት።»

«እህ! ሰምቼሻለሁ እኮ። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልፈርም?»

«ፈተናውንስ፣ ቲቸር? በአማርኛ ነው እንዴ የፈተኑኝ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«መጽሐፉስ?»

«እሱም በእንግሊዝኛ።» ደርበው መነጽራቸውን አወለቁ። «አየሽ፣ አንቺም አልዋሸሽ፣ እኔም አልዋሸሁ። ቅጹ ግን ለአንድ መልስ ብቻ ነው ቦታ የተወለት።»

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ዋጋዬ ፊደል የቆጠረችው በአገውኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የተማረችው በቤቷ ቋንቋ ነው። ቀጥሎ አማርኛ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ መጻሕፍቱ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኑ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ግን አልሄደም። አሲድ የሚለውን ቃል የምታውቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሲድ ምን እንደሚያደርግ የገባት በአማርኛ ነው፤ የአባቷን ማሳ ስታስብ የምታስበው በአገውኛ ነው። አንዱን ብታወጣው ትምህርቱ ይጎድላል።

ደርበው በመጨረሻ ያንኑ እውነት ጻፉ፦ መጽሐፉ፣ የሰሌዳው ጽሑፍና ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው የተቀላቀለ። ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አሳረፉበት፣ ዋጋዬም ስካን አድርጋ ላከችው።

መልሱ በየካቲት መጣ። ትሕትና የተሞላበት ነው፤ ስለ ግልጽነታቸው ያመሰግናል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ምን ያህል በመቶ እንደሚሆን እስከ መጋቢት መጨረሻ ይግለጹልን።

ዋጋዬ ከበፊቱ ይልቅ ግራ ተጋባች። በመቶ፣ ግን ከምኑ? ከቃላቱ? ከሰዓቱ? መምህሩ በእንግሊዝኛ እየጻፉ በአማርኛ ሲናገሩ ያቺ ደቂቃ የማን ናት? ጥያቄውን በስልክ ለአባቷ በአገውኛ ስታስረዳ፣ «በመቶ» የሚለውን በአማርኛ እንዳለችው ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው የታወቃት።

«ለመሆኑ ካናዳዎቹ ራሳቸው በምን ይማራሉ?» አሉ አቶ አድማሴ።

«ገሚሱ በእንግሊዝኛ፣ ገሚሱ በፈረንሳይኛ ነው፣ አባባ።»

«አሃ! ለነሱም አልለየላቸውማ!»

ደርበው ግን ጥያቄውን ወደዱት። ኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው፤ ቁጥር ከተጠየቀ መለካት ነው አሉ። «የአሥራ አንደኛ ክፍሎቹ ጋ ግቢና ከኋላ ተቀመጪ። ሰዓትሽን ይዘሽ ለኪ።»

ዋጋዬ አንድ ወረቀት ላይ ለእንግሊዝኛ፣ ለአማርኛና ለአገውኛ ሦስት ዓምድ አሰምራ ገባች። ደርበው ሎሚያቸውን ይዘው መጡ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። ከዚያም በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመሩ። ቀጠሉ። አላቋረጡም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተያዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ደርበው ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። «ስንት ሆነ?»

«መቶ በመቶ። ግን ቲቸር፣ አንድም ልጅ አልገባውም። ይኼ እኔ የተማርኩት ክፍል አይደለም።»

«እያየሽኝ እንዴት አማርኛ ልናገር? ደብዳቤሽ ይበላሻል ብዬ ነዋ!»

«ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ስንለካ እጃችንን እንዳናስገባ ይሉን አልነበር?»

ደርበው ሳቁ። ነገ እንደ ወትሮው አስተምራለሁ ብለው ቃል ገቡ። በነጋታው አልሆነላቸውም፤ አማርኛ በጀመሩ ቁጥር ወደ ኋላ እያዩ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ።

ዛሬ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። ደርበው እንዳያዩዋት ከአንድ ረጅም ልጅ ጀርባ ተቀምጣለች። ሎሚው ተቆርጧል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ሞቅ ብሏል፣ እሷም በየዓምዱ እያሰመረች ነው። ከጎኗ ያለችው ልጅ ጠጋ ብላ በአገውኛ «ኮምጣጣ ከሆነ ቁጥሩ ለምን ያንሳል?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ዋጋዬ መለካቷን ረስታ ስለ አባቷ ማሳ፣ ስለ ገብሱና ስለ ኖራው በአገውኛ አስረዳቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ገብቷታል።

ዋጋዬ ቀና ስትል ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ሞልቷል፣ ደርበው በአማርኛ እየጠየቁ ነው። እስክሪብቶዋን ከዓምድ ወደ ዓምድ እያንቀሳቀሰች፣ ያለፈችውን ደቂቃ የምታሰፍርበት ቦታ ትፈልጋለች።