ግድግዳ ላይ የምትውለው መኪና

ሥራ የጀመርኩ ቀን የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ሽፋ የሰጡኝ የተጨራመተ የታክሲ በር ነበር። መዶሻና ከኋላ የሚደገፍ ብረት አቀበሉኝና «እስኪ አቅናው» ብለው ደንበኛ ሊያናግሩ ወጡ። እኔ እስከዚያ ቀን አትክልት ተራ የቲማቲም ሣጥን አወርድ ነበር፤ ከጉልበት ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። በጉልበቴ ቀጠቀጥኩት። ጋሼ ሽፋ ሲመለሱ ላሜራው ተለጥጦ፣ በጣት ሲነኩት ወደ ውስጥ ገባ ወደ ውጭ ወጣ ይላል።

አልተቆጡም። «ይኼ ከእንግዲህ በር አይሆንም፤ ተማርበት» አሉና ለደንበኛው ሌላ በር ሊፈልጉ ወደ ምናለሽ ተራ ሄዱ። በዚያው ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ መዶሻ አያያዝ ያሳየኝ ዘይኑ ነው። ዘይኑ የቤቱ በያጅ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በሥራ ግን ቀድሞኝ የገባ፣ ጋሼ ሽፋ በሌሉ ጊዜ ቤቱን የሚይዝ ሰው ነበር። እኔ ረዳት ሆኜ ገባሁ፤ ከዓመታት በኋላ ባትላሜራ ተባልኩ። የተጋጨ የመኪና አካል የሚያቀና ሰው በእኛ ቤት እንዲህ ነው የሚጠራው።

ጋራዥ እንበለው እንጂ ቦታው ከሰባተኛ ሰፈር ወደ እህል በረንዳ ሲኬድ በሁለት መጋዘኖች መካከል የተረፈ ጠባብ ጊቢ ነው። መግቢያው ቀጭን ቅያስ ስለሆነ መኪና አይገባበትም። ደንበኛ መኪናውን መንገድ ዳር ያቆማል፤ እኛ በሩን፣ ኮፈኑን ፈትተን በቅያሱ ተሸክመን አስገብተን እንሠራለን። መኪና በማይመጣበት ቀን ዘይኑ የመስኮት ፍርግርግና የብረት አልጋ ይበይዳል።

ባትላሜራ ከተባልኩ በኋላ አንድ ቀን ምሳ በልተን ስንጨርስ ዘይኑ በጠመኔ ወለሉ ላይ መኪና ሳለ። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ የሆነ ስፖርት መኪና።

«ይህችን እንሥራ» አለኝ።

«የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። ከባዶ ነው የምንሠራት።»

«እዚህ? ሁለት በር ስናስገባ እንኳ መቆሚያ እናጣለን!»

«ስለዚህ ትንሽ ትሆናለች» አለ።

ጋሼ ሽፋን ያስፈቀደው እሱ ነው። «ጋሼ፣ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምንሠራው» አላቸው።

«ሰኞ ጠዋት ስመጣ ወለሌን ባዶ ማግኘት አለብኝ።»

«ያገኙታል።»

«እሷንስ የት ልታደርጋት ነው?»

ዘይኑ ግድግዳውን አሳያቸው። ጋሼ ሽፋ ሳቁና «ሰው ላይ ብትወድቅ ግን አልምራችሁም» አሉን።

ሻንሲውን የሠራነው ከበርና ከመስኮት ሥራ በተረፈ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ የብረት ቱቦ ነው። ቁርጥራጩን እየቀጣጠልን፣ ዘይኑ በጠመኔ በሳለው ልክ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውንና ፍሬኑን ከአንዲት ተጋጭታ ከተጣለች አሮጌ ታክሲ አወጣን። ለአካሏ ባዶ የዘይት በርሜል ቀደድን። በርሜሉን ዘርግቶ ማለስለስ፣ ጎማውን የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ማጉበጥ የእኔ ሥራ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እገባለሁ፤ ዘይኑ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ስንጨርስ ሻንሲውን በጎኑ አቁመን በሰንሰለት ወደ ግድግዳው እንስበውና እናስረዋለን። ሰኞ የገባ ደንበኛ ቀና ብሎ አይቶ «ይኼ የማን አጥር ነው?» ብሎ ጠይቆናል።

ዘይኑ የሚበይደው ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርጎ ነው። በእኛ ሰፈር ብዙው በያጅ እንደዚያ ነበር። የብየዳ ማስክ ነበረን፤ ግን ዘይኑ ጠባብ ቦታ ላይ ጭንቅላቴን አላስገባ ይለኛል እያለ አይነካውም። ብርሃኑ የመታን ቀን ዓይናችን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለናል። ድንች ቆርጠን እንለጥፍበታለን፤ ሲነጋ ይለቃል። ከለቀቀን ዳንን ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

የፊት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውን ብረት የበየደ ቀን ብልሽቱን አየሁት። ብየዳው ራሱ ያማረ ነው፤ ያረፈው ግን መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። በመዶሻ መታ ሳደርገው ወለቀ።

«ማን ነካው?» አለ ዘይኑ።

«እኔ። አልያዘም።»

«ኤሌክትሮዱ እርጥብ ነው» ብሎ እንደገና በየደው። በሚቀጥለው እሑድ ሌላኛውን ጎን ሳየው ያው ነው። እንደገና መታሁት፤ ወለቀ።

«ዘይኑ፣ ይኼ መንገድ ላይ ቢለቅ ሰው ይሞታል» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀና ሻንሲው ላይ ተቀመጠ።

«የማየው ዳር ዳሩን ነው» አለኝ። «መሐሉ ላይ ጥቁር ነገር አለ። ፊትህን ለማየት ጆሮህን ነው የማየው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመኪናዋን ነገር ሳላነሳልህ በፊት።»

«ታዲያ ለምን ጀመርካት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር፣ የሰው መስኮት ነው የበየድኩት። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ አንድ የራሴን ልይ ብዬ ነው። ብቻዬን እንደማልችል አውቃለሁ። ለዚያ ነው አንተን የጠራሁህ።»

ለጋሼ ሽፋ አብረን ነገርናቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ዘይኑ፣ ከእንግዲህ እሳት አትነካም» አሉት። «እሺ ጋሼ» አለ። በዚያው ሳምንት በቅርቡ የበየዳቸውን የደረጃ መደገፊያዎችና በሮች እየዞርን፣ አንድ በአንድ እየመታን አየን። ብየዳ ከዘይኑ ተምሬ ስለነበር የላላውን እኔ እንደገና በየድኩት። ዘይኑ አብሮኝ ይዞራል፤ ደንበኞቹን ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነበር።

ሐኪም ዘንድ የወሰድነው ሚስቱ ሰሚራና እኔ ነን። ሐኪሟ ዓይኑን አይታ ስትጨርስ አልሸፋፈነችም። «የተቃጠለው የዓይኑ የኋላ ክፍል ነው። መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም» አለችን።

ሰሚራ «ሲቃጠል ታዲያ ለምን አላመመውም?» አለቻት።

«እዚያ ቦታ ላይ ሕመም አይሰማም። ማታ ማታ የሚያሠቃያችሁ የላይኛው ነው፤ እሱ ይድናል።»

ሰሚራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዘይኑ ከጎኗ ቆሞ «ተነሺ፤ ሰው ያያል» ይላት ነበር።

መኪናዋን ይተዋታል ብዬ ነበር። እሑድ ስመጣ እንደ ወትሮው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ እኔ ማስክ አድርጌ እበይዳለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ መጋዘኑ አዙሮ ይጠብቃል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ መጥቶ በጣቱ ይዳስሳል። «እዚህ ጋ ቀዳዳ ትተሃል» ይለኛል። ሳየው እውነቱን ነው። ቀለም ስጠይቀው «ቢጫ ቀባት፤ ቢጫ ዳር ላይም ይታየኛል» አለኝ።

ከጊቢው ያወጧት የእህል በረንዳ ተሸካሚዎች ናቸው። ሞተሯን አውርደን፣ በጎኗ አቁመን፣ እንደ ቁም ሣጥን ተሸክመው በቅያሱ አሳለፏት። አንደኛው «ከጤፍ ትቀላለች» እያለ ይቀልድ ነበር። ሞተሩ በጋሪ ተከተላት። መንገድ ዳር ገጠምናት።

በማግስቱ ማለዳ መንገዱ ጭር እንዳለ አስነሳኋት። ዘይኑ ጎኔ ተቀምጧል። ድምጿ ከመጋዘኖቹ በር ጋር እየተጋጨ ያስተጋባል። ትንሽ እንደሄድን «ሰው ያያታል?» አለኝ።

«አንድ ጥበቃ ብድግ ብሎ ቆሟል።»

«ሌላስ?»

«ሊስትሮዎቹ እያፏጩ ነው።»

እጁን አውጥቶ አውለበለበላቸው። በተሳሳተ አቅጣጫ ነበር፤ አላረምኩትም።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሰሌዳ የላትም። ዙሪያዋን አይቶ «የት ነው የሠራችኋት?» ብሎ ተገረመ፤ ቀጥሎ ገፍተን እንድንመልሳት አዘዘን። ሰሌዳ ልናወጣላት ስንሄድ የገጠመን ባለሙያ ጨዋ ሰው ነው። «የሻንሲ ቁጥር አላት?» አለን። የላትም። «ማን አመረታት?» አለ። ዘይኑ «እሱና እኔ» አለው። ሰውየው «እንዲህ ያለ መኪና የምመዘግብበት መንገድ የለኝም» አለን። እንደገና ተሸካሚ ጠርተን ግድግዳዋ ላይ መለስናት።

ብዙም ሳይቆይ አካባቢው ሊፈርስ ነው ተባለና ጊቢውን እንድንለቅ ተነገረን። ጋሼ ሽፋ ያገኙት ምትክ ቦታ ከቀድሞውም ጠባብ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። የዘይኑ ቤት አንድ ክፍል ነው። የእኔም ያው ነው።

«እንሽጣት» አልኩት።

«ምን ተብሎ? የገዛት ተደብቆ ነድቷት ሰው ቢገጭባትስ? ቁረጣት።»

«ዘይኑ…»

«አንተው ራስህ ቁረጣት። ሌላ ሰው እንዳይነካት።»

በግራይንደር ቆረጥኳት። ዘይኑ በርሜል ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር «ይኼ የቱ ነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ፓራፋንጎው ላይ ስደርስ «ተወው፣ አትንገረኝ» አለ። የቁርጥራጭ ብረት ሰዎች መጥተው በጋሪ ሲጭኑ ዘይኑ የለም፤ ወደ ቤቱ ሄዷል።

አሁን እኔም ከሥራ ወጥቻለሁ። ዘይኑ ሰሚራ ቅመም የምትሸጥበት ቦታ አብሯት ይውላል፤ ኮረሪማ ይፈለፍላል። ጎራ ስል ስለ ድሮው ሥራችን ያወራኛል። ስለ መኪናዋ አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሳበትም።

ለምትበይዱ ልጆች የምለው አንድ ነው። ማስክ ሳታደርጉ አትበይዱ። ቦታው ጠቦ ማስኩ አላስገባ ካላችሁ፣ ብረቱን ፈትታችሁ ወደ ውጭ አውጡትና እዚያ በይዱት።