ከቆጠራ በኋላ ያለው እንቅልፍ

ቡሬ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት የጸጥታ ሰዎች ሲወስዱኝ ነጭ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ፋሻና የቁስል መድኃኒት ለማን ነው የምትሸጪው? ለቆሰለ ሰው ነዋ፣ ጤነኛ ሰው ፋሻ ምን ያደርግለታል? ይህንኑ መለስሁላቸው፤ አልበቃቸውም። ፍኖተ ሰላም ዳር ላይ ወዳለ መጋዘን አመጡኝ። ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። የሴቶቹ ክፍል በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ጥግ ነው፤ መስኮት የለውም፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ብርሃን እየሾለከ ይገባል። ጋዋኔን አጥፌ ትራስ አደረግሁት።

ብዙ ሴቶች ነበርን፤ የማስታውሳቸው ግን በግራና በቀኜ ይተኙ የነበሩትን ሁለቱን ነው። በግራዬ ቡሬ ካምፓስ ሳይኮሎጂ የምታጠና ልጅ ነበረች፤ ስልኳ ውስጥ በተገኘ ፎቶ ሰበብ ነው የታሰረችው። በቀኜ ጠላ ነጋዴ የሆኑ አሮጊት፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ጠጥተው የሄዱ ሰዎች ወዴት እንደገቡ ተናገሩ ተብለው ነው። "የጠጣልኝ ሁሉ ዘመዴ ከሆነማ ጎጃም ሙሉ ዘመዴ ነው" ይሉ ነበር።

እኔን የበላኝ የእናቴ ነገር ነው። የምትኖረው ከቡሬ በነቀምቴ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ምግብ የምታመጣልኝ እህቴ ስትሆን፣ መጀመሪያ አካባቢ እናቴም በሶ ትልክልኝ ነበር። ጨርቅ ስትቋጥር የራሷ አቋጣጠር አላት፤ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። አንድ ሰሞን በሶው ቀረ። በሽቦው አጥር በኩል እህቴን "እማዬ እንዴት ናት?" አልኋት። "ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች" አለችኝ፤ መሬት መሬት እያየች።

በእኛ አገር ደህና ናት ሲባል ልብ አያርፍም። መርዶ ለእስረኛ አይነገርም፣ ለመንገደኛም አይነገርም። ሰው ወገኑ መሃል ገብቶ፣ ደግፎ የሚይዘው ተሰብስቦለት፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ ሬሳው ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶም ቢሆን መልሱ ያው ደህና ናት ነው። እኔ ራሴ የአጎቴን ሞት ለፈተና ለተቀመጠው ልጁ ደብቄዋለሁ፤ ያ ፊት እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሞታለች ብዬ እንዳላለቅስ ያረዳኝ የለም። አለች ብዬ እንዳላርፍ እህቴ መሬት አይታለች።

ይህንን ለተማሪዋ ነገርኋት።

"ታዲያ ለምን ራሷን አትጠይቂያትም?" አለችኝ።

"በምን መንገድ?"

"በህልምሽ። ሉሲድ ድሪም ይባላል። ህልም ውስጥ ሆነሽ ህልም መሆኑን ካወቅሽ የፈለግሽበት ትሄጃለሽ፣ የፈለግሽውን ሰው ታናግሪያለሽ። እውነቱን ትነግርሻለች አልልሽም፤ ቢያንስ አንቺ ውስጥሽ የሚያውቀውን ታይዋለሽ።"

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ጀመርነው። ሲነቁ ንቅንቅ አለማለት፤ ህልሙ ሳይበተን ለጎረቤት መንገር። ቀን ቀን ደግሞ ደጋግሞ "አሁን ህልም ላይ ነኝ?" ብሎ ራስን መጠየቅ፤ ለወጉ ሳይሆን ከልብ። ከዚያ ጣትን ማየት፣ በህልም ጣት ይበዛል ወይም ይጎድላል አለችኝ። ወይም አፍንጫን ጥብቅ አድርጎ ይዞ መተንፈስ፤ አየር ከገባ ህልም ነው። ማለዳ ወጥተን ተቆጥረን ስንመለስ ደግመን እንተኛ ነበር፤ ህልም የሚበዛው በዚያ እንቅልፍ ነው፣ "ሳልም ማለሜን አውቃለሁ" እያልሽ አሸልቢ አለችኝ።

የእትዬ አንድ ጣት በልጅነታቸው በማጭድ ተቆርጧል። ትምህርታችንን ሲሰሙ ቆዩና እጃቸውን ዘርግተው አዩት። "እንግዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ህልም ላይ ነኛ" አሉ። አንድ ቀን ደግሞ ዘበኛው በሩን ሲከፍት ተማሪዋና እኔ አፍንጫችንን ይዘን ተቀምጠን አገኘን። "ምነው፣ ሸተትኋችሁ?" አለ። "ጉንፋን ነው፣ ልጄ" አሉት እትዬ።

እየቆየ ጥያቄው ራሱ ይከተለኝ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ እየሰማሁ ህልም ነው ወይ እላለሁ። ጣቶቼን እቆጥራለሁ፤ ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ግን አያሳርፈኝም። ተማሪዋ ፊቷን ወዲያ አዙራ ስትተኛ፣ ብትዞር ሌላ ሰው የምትሆን ይመስለኝና ትከሻዋን ነካ አደርጋታለሁ። "ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። ምንም እላታለሁ።

አንድ ማለዳ ሆነልኝ። ወደ እናቴ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርሁ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ይወዛወዛል፣ ድምፅ ግን የለውም። እጄን አየሁ፤ አውራ ጣቴ ሁለት ነው። ህልም ነው አልሁ። ይህን ስል ሁሉም ነገር ከእውነቱ ይበልጥ ጠራ፤ የአጥሩ ቅርፊት፣ የአፈሩ ቅላት፣ ገለባው። እንዳልነቃ ተማሪዋ እንደመከረችኝ መዳፎቼን አፋተግሁ። በሩ ክፍት ነው። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እንዝርቱ ይሾራል፣ ጥጥ ግን አልያዘም። ልትዞር አንገቷን መለስ ስታደርግ ቀኝ እጄ በራሱ ግንባሬ ላይ ወጣ። በስመ አብ አልሁ። ቤቱም እናቴም ጠፉ።

ደንግጦ የማያማትብ ሰው እኛ ዘንድ የለም። ከእናቴ ከራሷ፣ ገና አፌን ስፈታ የተማርሁት ነው።

"አይ፣ ልትደርሺ ስትይ" አለች ተማሪዋ። "ምን አስማተበሽ?"

እትዬ ቀና አሉ። "አማተብሽና ጠፋች?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። "ከመስቀል የሚሸሸው ምን እንደሆነ መቼም አታጪውም። እናትሽን መስሎ የመጣ ነው። ይቅርብሽ፣ ልጄ።"

"ኧረ እትዬ፣ ደንግጣ ስለነቃች ነው እኮ" አለች ተማሪዋ። ለእኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ከቆጠራ መልስ መተኛት ተውሁ፤ ተቀምጬ አረፍዳለሁ። እህቴ እንደገና መጣች። ደህና ናት አለችኝ፣ ባዶውን ሳህን ተቀበለችኝ፣ መሬት እያየች ሄደች። በማግስቱ ቆረጥሁ፤ ሰይጣንም ይሁን እጠይቀዋለሁ አልሁ። ቀኝ እጄን ግራ ብብቴ ውስጥ ወትፌ ተኛሁ። ተማሪዋ "የህልሙ እጅ መቼ ይታሰርና" ብላ ሳቀችብኝ።

የዚያን ዕለት መንገዱን አልሄድሁትም፤ በህልሜ ራሴን ሳገኘው የእናቴ ደጃፍ ላይ ነበርሁ። ጣቴን ማየት አላስፈለገኝም፣ አውቄዋለሁ። እጄ እዚያው ብብቴ ውስጥ ነበር፤ ጭምድድ አድርጌ ያዝሁት። እንዝርት የለም። እናቴ ጋቢ ተከናንባ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ከስታለች።

"እማዬ፣ አለሽ?" አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ያወቀችኝ መሰለኝ፤ ከንፈሯ ስሜን ሊጠራ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ዓይኗ ፈጠጠ። እጇ ከጋቢው ወጣ፤ ግንባሯን ነካች፣ ደረቷን ነካች፣ ግራ ትከሻዋን ነካች። ወደ ቀኙ ስታሻግር እኔ ከእግሬ ጀምሬ ስጠፋ ተሰማኝ።

ነቃሁ። ንቅንቅ አላልሁም፤ እንደ ትምህርታችን ሳይሆን አቅቶኝ ነው።

"ንገሪኝ" አለች ተማሪዋ።

"አማተበችብኝ" አልኋት።

እትዬ ተነሥተው ተቀመጡ። "እንዲያ ከሆነ" አሉ፣ "ማንኛችሁ ናችሁ የሞታችሁት?" ቀልዳቸው አልነበረም። ተማሪዋ እጄን ከብብቴ አውጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረችልኝ። "ልክ ነሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ህልም አላነሣንም።

የፈቱኝ ሳይከሱኝ ነው። እህቴ ውጭ ጠበቀችኝ፤ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። "በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ" አልኋት።

"አለች" አለችኝ። "ታማ ነበር። በእስርሽ ላይ ይህን አልጨምርብሽም ብዬ ነው።"

ማመን ፈልጌ አልቻልሁም። እህቴ አሁንም መሬት እያየች ነበር።

"አሁን ደግሞ ምንድን ነው?"

"አንድ ጧት ትኩሳቱ ጸንቶባት በሩ ላይ አየኋት አለች፤ አንቺን። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆማ ነበር፣ ሳማትብ ጠፋች አለች። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሞታለች ነው የምትለው። ኧረ ደህና ናት፣ ምግብ አድርሼላት መጣሁ ስላት፣ መርዶ ደብቃችሁኝ ነው ትለኛለች።"

ረዳቱ ቡሬ፣ ቡሬ እያለ በሩን ይደበድባል። ለእህቴ ምንም አልነገርኋትም። የትኛው ጧት እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን እፈራዋለሁ።

እናቴ ድናለች። እኔ ቡሬ ሌላ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ታጎርሰኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ መቼ ነው የምታገቢው ትለኛለች፤ ለሙት እንዲህ አይባልም። ሳልጣራ በድንገት ደጃፉ ላይ ብቅ ስል ግን እጇ ይነሣል። እህቴ "እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ እሷው ናት" ትላታለች። እኔ እህቴን ዝም አሰኛታለሁ። እናቴ ፈርታ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ማማተቡን መጨረስ አለበት። ሁለቱን እጆቼን በጎኔ አውርጄ፣ እንድታየኝ ብርሃኑ ላይ ቆሜ፣ ቀኝ ትከሻዋን እስክትነካ እጠብቃታለሁ። ነክታ ስትጨርስም እዚያው ነኝ። ከዚያ እገባለሁ።