በወረንጦ የጠበቅኩት የልጄ ዓይን

ልጄ ዝናሽ ቅርጽ የሌለው ሥዕል የምትስለው ዓይኗ ስለታመመ ነው ተብሎ ተወርቷል። ሐሰት ነው። ዓይናችሁን ለሚያማችሁና ለምታስታምሙ ስጽፍ፣ አስቀድሞ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ዝናሽ አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ ወደ ላሊበላ ስትመለስ ሰው ሁሉ መላእክትና ፈረሰኛ ቅዱሳን ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሸራውን መሬት ላይ ዘርግታ ቀለም ታፈስበታለች፣ በመጥረጊያ ትጎትተዋለች፣ መልሳ ትፍቀዋለች። ጎረቤታችን መሪጌታ በራችን ላይ ቆመው፣ "ለመሆኑ ራስጌው በየት በኩል ነው?" ይሏታል።

"እርስዎ በቆሙበት በኩል ይሁንልዎ" ትላቸዋለች። ይስቃሉ።

በዚያን ጊዜ ክር በመርፌ የምታስገባልኝ እሷ ነበረች።

ሕመሙ በመቆርቆር ጀመረ። ቀኝ ዓይኗን እያሸች፣ "አሸዋ የገባብኝ ይመስለኛል" አለች። የዓይን ቆቧን ገልጬ ሳይ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን ይወጋል። በእኛ አገር ይህ እንግዳ አይደለም። እናቴ ወረንጦዋን ያወረሰችኝ ለዚሁ ነው፤ ከብልባላ ድረስ ሴቶች እየመጡ እነቅልላቸው ነበር። ዝናሽንም ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ነቀልኩላት። ወዲያው ቀለላትና ወደ ሸራዋ ተመለሰች። እኔም ኮራሁ።

የተነቀለ ሽፋሽፍት አጭርና ሻካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል። በበቀለ ቁጥር ነቀልኩ። መቆርቆሩ ሲደጋገምባት ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ባለሙያው ቆቧን ገልብጦ አየና፣ "ትራኮማ ነው። ጸጉሩ ወደ ውስጥ መዞሩ ትሪኪያሲስ ይባላል። ቆቡ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይቃናል" አለን።

"ዓይን በምላጭ አይነካም!" ያልኩት እኔ ነኝ። ሰደብኩት። እጇን ይዤ ወጣሁ፤ መንቀሌንም ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት ብሌኗ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ግራ ዓይንሽን ክደኚ አልኳት። ከደነች። ፊቴ ጠፋባት።

ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ፣ "ኮርኒያዋ፣ ከብሌኑ ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ጠባሳ ይዟል። ቆቡን እናቃናለን፣ የቀረውን እናተርፋለን። የጠፋውን አንመልስም" አለ።

ቀዶ ሕክምናው እኔ ከፈራሁት ይልቅ አጭር ነበር፤ ቆቡን ብቻ አደንዝዘው ሠሩት፣ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጡንና በማግሥቱ ፋሻው ተነስቶ አገራችን ገባን። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት አቅቷት ብሩሿ ከቀለሙ ጣሳ ውጪ ሲያርፍ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጣሳውን ወደ እጇ እያስጠጋሁ፣ እሷም "እማዬ፣ ቀዩን ነው ያልኩሽ፣ ቡኒውን አይደለም" እያለች እየተቆጣችኝ፣ ቀስ በቀስ እጇ መንገዱን አገኘ።

አዲስ አበባ ሥዕሎቿ በታዩበት ቀን አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ከትልቁ ሥዕል ፊት ቆሞ፣ "ዓለም ሲደበዝዝባት ያየችውን ነው የሳለችው" ሲል ሰማሁት።

"አንተ ሰው!" አልኩት ከወንበሬ። "ይህን ስትስል ክር በመርፌ ታስገባልኝ ነበር። ድካሟን ለበሽታ አትስጥብኝ!"

ይቅርታ ጠየቀኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንገቴን ደፋሁ። ለእሷ ፍርድ ስጠይቅ፣ በራሴ ላይ የሚገባው ፍርድ ገና አልተሰጠም ነበር።

ሽፋሽፍታችሁ ወደ ውስጥ ከዞረ በወረንጦ አትዘናጉ። ስቃዩን ያስታግሳል፣ በሽታውን አያቆምም። ትራኮማ በፊት ቆሻሻና በዝንብ ይተላለፋልና የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ። ያን የሰደብኩትን ባለሙያ አመሰግነዋለሁ፤ ስመለስ ነገሩን ሳያነሳብኝ የዝናሽን ግራ ዓይንም መርምሮ በጊዜ አተረፈልኝ። ከብልባላ የሚመጡትን ሴቶች ዛሬ ወደ እሱ እወስዳቸዋለሁ።

ዓይኗን ያጠፋው የእኔ ወረንጦ ነው ወይ ብዬ ሐኪሙን ስጠይቀው፣ "እማማ፣ አሁን ይህን ማንሳት ምን ያደርግልዎታል?" አለኝ። መሪጌታ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉ። ይህ መልስ አይደለም። በመጨረሻ ራሷን ዝናሽን ጠየቅኳት። ብሩሿን አስቀመጠች።

"አዎ፣ እማዬ። ባትነቅይልኝ ኖሮ ስቃዩ ራሱ ቀድሞ ወደ ሐኪም ይወስደኝ ነበር። ግን ባለሙያው የነገረንን እኔም ሰምቻለሁ። ከጭንሽ መነሳት ጠልቼ ነው ሳልታከም የቀረሁት።"