ሁለት ወንበር ይዞ ሦስተኛውን መጠበቅ

ልጄ ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ የነገረችን በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደ ጉንፋን ይለቃታል ብዬ ስምንት ዓመት ጠበቅኩ፤ አልለቀቃትም። ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት። አንዱ ከሰው በቆሎ የሚበዛበት አገር ነው፤ እኛ ካለንበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሁለት ቀን ያስኬዳል። ሁለተኛው ደቡብ ነው፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት። ሦስተኛው ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ይርቃል፤ እሱ ግን አልተቀበላትም፣ አልመለሳትምም። ዌይትሊስት፣ ማለትም የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ እንዳስቀመጣት በደብዳቤ ነገራት።

በሕይወቴ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ደብዳቤ በትሕትና ምንም የማይል ጽሑፍ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ስንተኛ እንደሆነች አይናገርም። መቼ እንደሚያሳውቋት አይናገርም። ተጨማሪ ደብዳቤ ብትልክ ደስ እንደሚላቸው፣ ብትልክም ለውጥ እንደማያመጣ ግን በግልጽ ይናገራል።

ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አነበበችውና “ገብታለች ማለት ነው” አለች።

“የቱ ጋ ነው እንደሱ የሚለው?”

“አይሆንም አላሉም እኮ። ባይፈልጓት ይነግሯት ነበር።”

አልተከራከርኳትም። እሷን ለማግባት ሽማግሌ በላክኩ ጊዜ አባቷ ሁለት ጊዜ “እናስብበት” ብለው መልሰውብኛል፤ በቤተሰቧ ደንብ ይህ እሺ ማለት ነው።

የትምህርት ቤቶቹ ደንብ ደግሞ ሌላ ነው። ኤፕሪል ሲያልቅ ልጅቷ ከያዘቻቸው ሁለት ወንበሮች አንዱን መልቀቅ አለባት፤ ዌይትሊስቱ ላይ ግን መቆየት ትችላለች። እናቷ የቅርቡ እስኪጠራት ድረስ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት፣ አንዱንም እንዳትለቅ አዘዘቻት። እኔ የፈለገችበት ትሂድ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው እል ነበር። ለጎረቤት፣ ለፀጉር አስተካካዬ፣ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ ተናግሬዋለሁ።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ የጸሎት ቡድን አላት። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ መንዳት ስለማትወድ የምወስዳት እኔ ነኝ። አማኝ አይደለሁም። መኪና ውስጥ መጽሐፍ እያነበብኩ እጠብቃታለሁ፤ የምገባው ዝናብ ወይም ሳምቡሳ ሲኖር ነው። በዚያ ቅዳሜ ሁለቱም ነበሩ።

ቡድኑን የሚመሩት ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ሰው የሚጸለይለትን ነገር በወረቀት ጽፎ ይሰጣቸውና እሳቸው ያነባሉ። የባለቤቴ ተራ ደረሰ።

“ለእህታችን ልጅ የቅርቡ ትምህርት ቤት በር እንዲከፈት” ብለው አነበቡ።

ሳምቡሳዬን ዋጥኩ። “ይቅርታ ጋሼ፣ በሩ እንዴት ነው የሚከፈተው?”

ባለቤቴ አየችኝ። ሃያ አምስት ዓመት የማውቀው አስተያየት ነው።

“እንዴት ማለት?” አሉ ጋሼ።

“ወንበሩ ተቆጥሮ አልቋል። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ስለዚህ የምትጸልዩት የሰው ልጅ ይውጣ ብላችሁ ነው።”

አንዲት ነርስ “እኛ በማንም ላይ ክፉ አናስብም” አለች።

ጋሼ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። “ልክ ነው፣ እናስተካክለው። የገባው ልጅ የተሻለ ትምህርት ቤት እንዲያገኝ እንጸልይለት።”

“የተሻለውም ሞልቷል።”

“ከዚያ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ የተሻለ ያግኝ።”

እንዲህ እያልን ወደ ላይ ወጣንና ከሁሉ በላይ የሆነው ትምህርት ቤት ደረስን። ከሱ ወዴት ይወጣል?

“ያ ልጅ ሕክምናውን ይተወው” አለች ነርሷ። “መጀመሪያም ቤተሰብ ገፍቶት ይሆናል።”

“ሙዚቃ ይወድ ይሆናል” አለ ከኋላ አንዱ።

“ወላጆቹስ?” አለች ሌላዋ ከልቧ አዝና። ለወላጆቹ መጽናናት ተጨመረ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት አበሾች ለአንድ ስሙን ለማያውቁት የአሜሪካ አንደኛ ተማሪ የሙዚቃ ፍቅር ሊለምኑለት ተዘጋጁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። “ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ያለው ሾፌር ጎማው ይፈንዳ ብዬ አላውቅም። ተሳፋሪ ስጠው ነው የምለው። እሱ ሲጭን እኔ እጠጋለሁ።” ሁሉም አሜን አሉ። እኔም ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጅቷ አሁን ስንት ወንበር ይዛለች?”

“ሁለት።”

“ሁለቱም ጋ ልትማር?”

“አይ፣ አንዱ ጋ።”

“ሁለት መኪና ሰልፍ ላይ አቁማ ነው ሦስተኛ የምትጠብቀው?”

“ደንቡ ይፈቅድላታል ጋሼ” አለች ባለቤቴ።

“ይፈቅድላት ይሆናል። እኛ ጋ እንዲህ ያደረገ ሾፌር ግን ሰላም የሚለው አልነበረም። ከኋላዋ ያለው ልጅ እናት ይኼኔ አንድ ቦታ ወረቀት እየጻፈች ነው።”

ማታ ራት ላይ ይህን ለልጄ እንደ ቀልድ አወራሁላት። አልሳቀችም። ስልኳን አወጣችና ትንሽ ከነካካች በኋላ በእንግሊዝኛ “የደቡቡን ለቀቅኩት” አለች። በበቆሎው አገር በቂ ሐኪም ስለሌለ ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያሠሩታል፤ የምትፈልገው እሱን ነው። ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ሜይ ላይ ልጄ እዚያ ክፍል ተከራየች፤ አብራት የምትኖር ልጅም አገኘች። ጁን ላይ የቅርቡ ትምህርት ቤት ወንበር ተገኝቷል፣ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ስጪ ብሎ ጻፈ።

ባለቤቴ አለቀሰች፣ አመሰገነች። እኔ ደግሞ የቅርቡ ለምን እንደሚሻል ሳስረዳ ራሴን አገኘሁት። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይቀር ተናገርኩ፤ በበሩ እንኳ አልፌ አላውቅም።

“ሁሉም አንድ ነው ስትል አልነበር እንዴ አባዬ?” አለች።

“ነበር። አሁን መረጃው ተቀይሯል።”

የእናቷን ስልክ አነሳችና ጋሼ ጋ ደወለች። በምትሰባብረው አማርኛ “ጋሼ፣ ተሳፋሪ ከጫኑ በኋላ ወደ ሰልፍ ተመልሰው ያውቃሉ?” አለቻቸው። ድምፁን ለሁላችንም ከፍታዋለች።

“ተሳፋሪውን ምን አድርጌ?” አሉ ጋሼ።

እምቢታዋን በዚያው ቀን ጻፈች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ዝናብም ሳምቡሳም አልነበረም። ገባሁ። ወረቀት ጠየቅኩ፤ ባለቤቴ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። ጋሼ ጮክ ብለው አነበቡት፦ “ኦገስት ላይ ልጁን ይዞ ሁለት ቀን ለሚነዳ አባት፣ መንገዱ ቀና እንዲሆንለት።”

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

“መሄጃውን ነው መመለሻውን?”

“መመለሻውን” አልኩ።